በመምህሩ ግድግዳ ሥር

መምህር ኔኦፊቶስ ወደ ግቢያችን የገባ ቀን እናቴ ወንበር አላወጣችለትም። እኛ ዘንድ ጠላትም ቢመጣ ወንበር ይወጣለታል። እሱ ግን ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በየዘይት ጣሳው ከተተከሉት አበቦቿ መሐል እንደ ተማሪ ተገትሮ ቀረ። ሰኔ ነበር፤ በእኛ አገር ሰኔ የበጋ እሳት ነው፣ ዝናብ የሚመጣው መስከረም ካለፈ በኋላ ነው፤ ድንጋዩ ሳይቀር ትኩሳት የያዘው በሚመስልበት ሰዓት። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሱ ደግሞ አስተማሪዬ።

ስለ ሁለቱ የማውቀውን የነገሩኝ እኩዮቼ ናቸው፤ ያውም እኔን ለመስደብ ብለው። መምህሩ ከተራራው ወርዶ ወደ ሜዳችን ሲመጣ መጀመሪያ ያጨው እናቴን ነበር። ሦስት ዓመት ከአባቷ፣ ከአያቴ ማዕድ በላ። በእኛ አገር ቤት ይዛ የምትመጣው ሴቷ ናት፤ አያቴ ደግሞ ጭቃና ጭድ በእግሩ እየረገጠ ጡብ የሚሠራ ሰው ስለነበር ከሁለት ክፍል በላይ አቅም አልነበረውም። የመንደሩ እህል ነጋዴ ግን ለልጁ ለኤቫንቲያ ፎቅ ያለው ቤት በአንድ በጋ አቆመላት። ጡቡን የረገጠለትም ሌላ ሰው ሳይሆን አያቴ ነው። መምህሩ ፎቁን አየ። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከነጋዴው ጎን ቆሞ ታየ፤ አለቀ። ታጭታ የተተወች ልጅ እኛ ዘንድ የሚያነሣት የለም። እናቴን ያነሣት በሃያ ዓመት የሚበልጣት ጋሪ ነጂው ሃምቢስ፣ አባቴ ነው። ትምህርት ቤት "የትራፊዋ ልጅ" ይሉኝ ነበር። ዛሬ ስልሳ አልፎኛል፤ ያሉኝን ልጆች በየስማቸው ልጠራቸው እችላለሁ።

"ፖሊክሴኒ፣" አላት መምህሩ፣ "የምዕራቡ ግድግዳ ሊገድለን ነው። ከቀትር በኋላ ቤቱ የዳቦ ምድጃ ይሆናል። ሐረግ ላስወጣበት አስቤ ነው። ስለ ተክል ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም አሉኝ።"

"ማን አለህ?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም ብዙ ነገር ይላል።"

መንደሩ በሙሉ፣ ቄሱ ሳይቀሩ፣ "እርስዎ" የሚሉትን ሰው እናቴ "አንተ" ትለው ነበር። ያኔ ይህ ቃል ጆሮዬን አቃጠለኝ። እንዲህ የምትለው ስለምትወደው ነው ብዬ አሰብኩ። ልጅ ሌላ ምን ያስባል?

"ወይን ቢሆንስ?" አላት።

"ወይን ግሩም ነው። ጥላው ሰፊ፣ ፍሬው ጣፋጭ። ነሐሴ ላይ ብቻ ተርብ ይጠራል።"

"ኤቫንቲያ ተርብ አትችልም። ባለፈው ነድፏት ፊቷ እንደ ሐብሐብ አብጦ…"

"ሰምቻለሁ።"

"ጃስሚንስ?"

"ሽታው ልብ ያርሳል። ግን ሰነፍ ነው፤ እንጨት ካልደገፉለት አይነሣም። ያንተን ግድግዳ እስኪሸፍን ሽማግሌ ትሆናለህ።"

"ቡገንቪሊያ?"

"እሾህ ነው። በዚያ ላይ ራሱን አይዝም። ሚስማር ትመታለህ፣ ሽቦ ትዘረጋለህ።"

"ሚስማርማ አልመታም። አማቴ የሠሩት ግድግዳ ነው።"

"እሱስ አማትህ የሠሩት ነው" አለች እናቴ፤ ጎንበስ ብላም የደረቀ ቅጠል ለቀመች።

መምህሩ ላቡን ጠረገ። "እሺ፣ አንቺ የትኛውን ትመርጪልኛለሽ?"

"እኔ? እኔ ለሰው መርጬ አላውቅም። መምረጥ የምታውቀው አንተ ነህ።"

ጆሮው ቀላ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲፈልግ ከጓሮ የእንጨት አጥራችን ላይ የተንጠለጠለው ላይ አረፈ። እንደ መለከት የረዘሙ ብርቱካናማ አበቦች እሳት መስለው ይንቀለቀሉ ነበር።

"ያስ ምንድን ነው?"

"የትኛው?" አለች፤ ዞር እንኳ ሳትል።

"ያ፣ የሚያምረው።"

"እሱ የመለከት ሐረግ ነው። እሱን ተወው።"

"ለምን እተወዋለሁ?"

"ውሃ ይወዳል። ጠዋትና ማታ ካላጠጡት ያኮርፋል። ለአንተ አይሆንም።"

"ሚስማር ይፈልጋል?"

"አይፈልግም። እግር አለው፤ ግድግዳውን ራሱ ቆንጥጦ ይወጣል። በሦስት በጋ ከጣሪያህ በላይ ነው። ግን ምክሬን ስማ፣ ጃስሚኑን ውሰድ።"

"ይኼኛውን ነው የምፈልገው።"

"እንግዲህ መረጥክ።"

"መረጥኩ።"

ከዚያ እናቴ አንድ ነገር ጠየቀችው። ከዚያ ግድግዳ በስተጀርባ ማን ይተኛል? ማንም አይተኛም አላት፤ የእንግዳ ክፍል ነው፣ በዓመት አንድ ቀን፣ ስሙን የወረሰው ቅዱስ በሚከበርበት በዓል ብቻ ነው የሚከፈተው። "ከላይስ?" አለችው። ከላይ የኤቫንቲያ የዕቃ ሣጥኖች ናቸው አላት። ለምን እንደጠየቀችው ገርሞት አያት። "አበባው ንብ ይስባል፤ መስኮት ከፍቶ የሚተኛ ሰው ካለ ብዬ ነው" አለችው። እኔም አመንኳት። እንዴት ታስብለታለች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

የባሰው የመጣው ሊወጣ ሲል ነው። "የሚያጠጣልህ ከሌለህ ትሪፎን አለልህ" አለችው። "ሁለት ባልዲ ጠዋት፣ ሁለት ባልዲ ማታ። ሥራ ይልመድ።"

ትሪፎን እኔ ነኝ። አልጠየቀችኝም።

ተክሉን ይዘን የሄድን ዕለት እናቴ ጉድጓዱን ራሷ ለካች። ከግድግዳው አንድ ስንዝር። ዙሪያውን ደግሞ ውሃ እንዲያቁር እንደ ሳህን አጎድጉዳ ቆፈረችው። ኤቫንቲያ ከፎቁ ሰገነት ላይ ሆና ታይ ነበር።

"ኔኦፊቶስ፣ አባቴ እኮ ግድግዳው ሥር ውሃ እንዳይፈስ ይል ነበር" አለች።

"አባትሽ የሚያውቁት ስንዴ ነው" አለ መምህሩ፣ እናቴ ፊት ሊታይ ደረቱን ነፍቶ። "እኛ አገር ሐረግ የሚተከለው ከግድግዳው ሥር ነው። ቅድመ አያቴ የተከሉት ዛሬም አለ። ግድግዳው ምን ሆነ? ምንም!"

"የእናንተ አገር እኮ…"

"ግቢ ከፀሐዩ፣ ራስሽን ያምሻል።"

የእሱ አገር ቤቱ ድንጋይ ነው። እኛ ሜዳ ላይ ድንጋይ የለም፤ የምንኖረው በጭቃ ጡብ ውስጥ ነው። ይህን ልዩነት የሜዳ ልጅ ጡት ሳይጥል ያውቀዋል፤ ሐረግ ከግቢው መሐል ተተክሎ በእንጨት ድልድይ ነው ወደ ቤት የሚመጣው። እኔም አውቀው ነበር። ግን እናቴ ስታደርገው ሳይ፣ ለእሱ ስትል ደንቡን ሁሉ ረሳችው አልኩ። ልቧ የጠፋባት ሴት እንዲህ ናት አልኩ።

እንግዲህ ሦስት በጋ አጠጣሁ። በቀን አራት ባልዲ፣ ከመንደሩ ምንጭ እስከ መምህሩ ግድግዳ። ልጆቹ ከኋላዬ ሆነው እንደ አህያ ያናፉ ነበር። "የመምህሩ አህያ! ሂድ! ቸ! ቸ!" ሐረጉ ደግሞ እንደ መረቁት አደገ። በሁለተኛው በጋ መስኮቱን አለፈ፤ በሦስተኛው ጣሪያው ላይ ተኛ። መንገደኛ ቆሞ የሚያየው ሆነ። ኤቫንቲያ እንኳ ራስ ምታቷ ተሻላት አሉ።

እናቴ አመሻሹ ላይ ስፌቷን ይዛ በራችን ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ሆኖ ግድግዳው ይታያል። መርፌው እጇ ላይ ይቆምና ታያለች፤ አንዳንዴም ፈገግ ትላለች። አባቴ በቅሎውን ፈትቶ ሲገባ እንዲህ አላት አንድ ቀን፤

"የሰው ግድግዳ ምን ያደርግልሻል?"

"አበባውን ነው የማየው።"

"እኔ ግን አበባውን የምታዪ አትመስዪኝም" አለና እግሩን ሊታጠብ ሄደ።

አባቴ ምን ያህል እንደገባው እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ ግን አንጀቴን በላኝ። ይህ ደግ ሰው ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲቅም ውሎ ይመጣል፤ እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ የድሮ እጮኛዋን ቤት እያየች ትስቃለች። አሁን ሳስበው ዓይኗ ያረፈው ሰገነቱ ላይ፣ እሱ ጋዜጣ በሚያነብበት ቦታ አልነበረም። ታች ነበር። ልስኑ እንደ ቦካ ሊጥ ማበጥ የጀመረበት ቦታ።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ መምህሩ ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የሚያልፉትን ልጆች ስም በክፍል ውስጥ አነበበ። የእኔ ስም የለም። እጄን አወጣሁ።

"መምህር፣ እኔስ?"

"አንተማ ባልዲው ይበቃሃል" አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ከደወል በኋላ ደግሞ አስቀረኝና ራሴን ዳበሰኝ። "አትዘን። እናትህ ጥሩ ሴት ናት። ያለፈውን ሁሉ ረስታዋለች። ከእሷ ተማር።"

ራሴን የዳበሰበትን ቦታ ቤት ገብቼ በሳሙና አጠብኩት።

እናቴ ለሃሉሚ አይብ የምትጠቀምበት ሻካራ ጨው በጆንያ ጓዳ ውስጥ ነበር። ከዚያን ማታ ጀምሮ በእያንዳንዱ ባልዲ ሁለት ሁለት እፍኝ ጨው እጨምር ነበር። ማን ይጠረጥረኛል? ሦስት ዓመት ያጠጣሁት እኔ ነኝ። እንዲያውም መምህሩ ከሰገነቱ ሆኖ "ጎበዝ!" ይለኝ ነበር። ጎበዝ! ባልዲውን በደፋሁ ቁጥር ልቤ እንዴት ይረካ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። በሁለተኛው ሳምንት የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆነ። በአራተኛው ሳምንት አበባው ተንጠባጥቦ አለቀ። መስከረም ሲያበቃ ያ ሁሉ አረንጓዴ እንደ ተቃጠለ ገመድ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

መምህሩ እናቴን አስጠራት። እኔም ተከተልኳት። ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር። ቅጠሉን አሸች፤ ተንበርክካ ከሥሩ አፈር ቆነጠረችና ምላሷ ላይ አደረገችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"ምንድን ነው?" አላት መምህሩ።

"በሽታ ነው። ከሥሩ የገባ በሽታ።"

ወደ ቤታችን ተመለስን። እኔ ግን ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ። በሩን እንደዘጋች፣ "እኔ ነኝ የገደልኩት! ለአንቺ ብዬ ነው!" አልኳት። በጥፊ አጮለችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትታኝ አታውቅም። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን በጉልበቷ መሐል ቀብራ አለቀሰች። ለተተወችበት ቀን እንኳ አላለቀሰችም ይላሉ። እኔ ጉንጬን ይዤ ቆሜ፣ በቃ ትወደዋለች አልኩ። ከእኔም፣ ከአባቴም በላይ ትወደዋለች። ያን ዕለት ከእናቴ ጋር ተቆራረጥኩ። አብረን እየበላን፣ ልብሴን እያጠበችልኝ፣ ተቆራረጥኩ።

መምህሩ ደረቁን ሐረግ ለማስነቀል ግንበኛውን ፒየሪስን ጠራ። ፒየሪስ ሐረጉን ሲጎትተው ልስኑ አብሮ መጣ። ፎጣ የሚያህል ግድግዳ። ሳምንቱን ሙሉ በሸራ ጋርዶ ሲሠራ ከረመ፤ ከሥር ድንጋይ በኖራ አስገባ። ቀጣዩ ሰኞ መምህሩ ክፍል ገብቶ አማተበ። "ልጆች፣ አምላክ ቤቴን ለማትረፍ ሐረጉን አደረቀልኝ" አለ። ስለ ቸርነት ድርሰት ጻፉ አለን። እኔም ጻፍኩ። ከአሥር አራት ሰጠኝ።

ትምህርቴ በዚያ ዓመት አበቃ። ለፒየሪስ ጭቃ አቡኪ ሆንኩ። አሥራ ስድስት ሲሞላኝ፣ አንድ ቀን የአንዲት መበለት ግድግዳ ከሥሩ እየጠገንን ሳለ ፒየሪስ ባልዲ ውሃ ያቀረበውን ሌላ ሠራተኛ ጮኸበት።

"ከግድግዳው አርቅ! የጭቃ ቤት ጠላቱ ዝናብ አይደለም፤ ዝናቡ ከላይ መጥቶ ይሄዳል። ጠላቱ ከእግሩ ሥር የሚተኛ ውሃ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። "የመምህሩን ቤት ታስታውሳለህ? ሐረጉን ስነቅል እጄ እስከ ክርኔ ገባ። ጡቡ ገንፎ ሆኗል! ነጋዴው ተጣድፎ ሲሠራ ከሥር ያኖረው አንድ ረድፍ ድንጋይ ብቻ ነው። ሥራውን የጨረስኩት ሐሙስ ነው፤ ዓርብ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። እኔ ሳልነካው ያ ዝናብ ቢያገኘው ፎቁ የእንግዳው ክፍል ላይ ተቀምጦ ነበር። ለሰውየው ግን ማን ነው እዚያ ትከል ያለው? የሜዳ ሰው እንዲህ አያደርግም።"

የልስን ማንኪያዬን ኖራው ውስጥ ጣልኩት። የሜዳ ሰው እንዲህ አያደርግም። የጡብ ረጋጭ ልጅማ ጨርሶ አታደርግም። ያ ቤት በአንድ ረድፍ ድንጋይ ላይ እንደቆመ ጡቡን ከሠራው ከአባቷ በቀር ማን ይነግራታል?

ቤት ስገባ እየተኮሰች ነበር።

"ቤቱን ልትጥዪው ነበር" አልኳት።

ካውያውን አላነሣችም። "ሰውየው ቤት መርጦ ነው የሄደው። እሱን አልፈለግኩትም። ቤቱን ነው የፈለግኩት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ እየዘለልክ ትሄድ ነበር። ኤቫንቲያ ሞኝ አይደለችም፤ የጠላቷ ልጅ ደስ ብሎት ውሃ ሲያመላልስ ብታይ አንድ ቀን አታሳድርህም ነበር። እያለቀስክ ስትሄድ ግን ማንም አልጠረጠረህም።"

"ሦስት ዓመት አህያ አደረግሽኝ!"

"አህያማ ጭነቱን ያደርሳል" አለችና ካውያውን አነሣች። እጅጌው ላይ ቡናማ ምልክት ቀርቶ ነበር።

እኔም አንድ ነገር ደበቅኳት። ፒየሪስ ያለውን፣ ግድግዳው ለመውደቅ ምን ያህል እንደቀረው፣ አልነገርኳትም። እሷ ለሦስት ዓመት ቂሟን ከእኔ ደብቃ በእኔ ጫንቃ ተሸከመችው፤ ይህ ደግሞ የእኔ ይሁን አልኩ። ቀን እስኪደርስ ላኖረው። አንድ ቀን ቆስላ ሳያት አወጣዋለሁ፤ ለአህያው ነው እላታለሁ፤ ለጥፊው ነው እላታለሁ። አርባ ስድስት ዓመት አኖርኩት። አባቴ ሞተ። መምህሩ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ በዚያው ቤት፣ በአልጋው ላይ ሞተ። ቤቱን ዛሬ የልጅ ልጁ ለአገር ጎብኚ ታከራየዋለች። ለግድግዳው አዲስ ልስን ሲፈልጉ እኔን ጠርተውኝ ነበር፤ ሥራ በዝቶብኛል አልኩ።

እናቴ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ላይ ሆስፒታል ገባች። ከሲታ እንደ ወፍ ሆና፣ ዓይኗ ብቻ የድሮው ዓይኗ ሆኖ። ነሐሴ ነበር። ስለ ልጆቼም፣ ስለ በሽታዋም፣ ስለ ሞትም ሳትጠይቅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ አለችኝ፤

"ትሪፎን፣ አንተ ባለሙያ ነህ። ያ ግድግዳ ስንት ቀርቶት ነበር?"

ቀኑ ይኸው አልኩ በልቤ። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ፣ እያንዳንዱ ቃል እንዲወጋት ቀስ እያልኩ፣

"አንድ ዝናብ" አልኳት። "አንድ ዝናብ ብቻ። እኔ ጨው ባልጨምር ኖሮ፣ ዓርብ ይወድቅ ነበር።"

ዓይኗ ፈጠጠ። ይኸው ሞተች አልኩ። ከዚያ ደረቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቅ ነበር። ጥርስ የሌለውን አፏን ሳትሸፍን፣ እንባዋ ወደ ጆሮዋ እየፈሰሰ ሳቀች።

"አንድ ዝናብ? ደርሼ ነበር በለኛ! እኔ እኮ ቅጠሉን ብቻ ያሳደግኩለት መስሎኝ… ስንት ዘመን ተቃጠልኩ! ደርሼ ነበር!"

ነርሷ ድምፅ ሰምታ ሮጣ ገባች። "ምን ነገሯቸው አባባ? እዚህ ከገቡ ወዲህ ስቀው አያውቁም። በሉ ነገም መጥተው ይንገሯቸው።"

ሁለተኛ አልመጣም ብዬ ወጣሁ። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ጥርሴን አፋጨሁ። በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ብበቀል፣ አንዴ የጠላቴን ቤት አተረፍኩ፣ አንዴ ደግሞ ልወጋት የመጣሁትን አሳቅኩ። ለምን እንደዚህ እንደተፈጠርኩ አላውቅም።

በማግስቱ ሄድኩ።

"እስቲ ንገረኝ" አለችኝ ገና ከበሩ። ነገርኳት። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው አለችኝ። ከቀትር በኋላ፣ አልኳት፤ መጀመሪያ በትልልቁ ይንጠባጠባል። "ከዚያስ?" ከዚያ ከሥሩ ይለሰልሳል፤ ግድግዳው በሆዱ ይወጣል፤ መስኮቱ ይጣመማል። "ድምፅ አለው?" እንደ ጆንያ ነው ድምፁ፣ ከጋሪ ላይ እንደሚወድቅ ጆንያ። "ኤቫንቲያስ?" ውጭ ናት፣ ምንም አልሆነችም። "ጥሩ። እሱስ?" መንገዱ ላይ ቆሞ ያያል፤ ጭንቅላቱ ላይ እየዘነበ።

"ፎቁን ቀስ አድርገው" ትለኛለች። "እንዳይቸኩል።"

አሥራ አንድ ቀን ኖረች። በአሥራ አንዱም ቀን ከነሥራ ልብሴ እየሄድኩ፣ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ፣ ያንን ግድግዳ ጣልኩላት።